ለሞሉት የተጾመ ጾም

ባለቤቴ የውብዳር የሞላችው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከፊቷ ጎረቤታችን ብርቄ ነበረች፤ ከኋላዋ እኔ። በገበታ ቤቱ በር ላይ ሁላችንም እንደምናደርገው ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ቀኝ ጎኗን ለሰሌዳው አሳለመች። ሰሌዳው የሰው ጉበት ምን ያህል የማዕድን ዘይት እንዳጠራቀመ ያነባል። ለሌላው ሰው «ይግቡ» ይላል። ለእሷ በዚያው ትሑት ድምፅ «ሞልተዋል፤ እግዜር ይስጥልን» አላት።

«ለምኑ ነው የሚያመሰግነኝ?» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ስለሞላሁለት?»

ሰልፉ ሳቀ። የውብዳር ሰልፍ ማሳቅ ትችል ነበር። ከዚያ ገብታ እጇን ታጠበችና እንደ ሁልጊዜው ለሰፈሩ ዳቦ መቁረስ ጀመረች። ሥራዋ ነው። የሞላ ሰው ከገበታው እንዳይበላ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ገበታውን እንዳይቆርስ የሚከለክል ግን የለም። ያን ቀን ለእኔ የሰጠችኝ ቁራሽ ከወትሮው ተለቅ ያለ ነበር።

በጠጠር ውሃ ከተማ የምንበላው ፋጉሎ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ድሮ ኑግ ሲጨመቅ ዘይቱ ለሰው፣ ፋጉሎው ለከብት ነበር። ከብቱ አለቀ። ጤፉም ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ተራራው ጫፍ ወጣ፤ ከዚያም በላይ መሸሻ አጣ። ኑጉ ቀረ። እኔ በዚህ ውስጥ ስለተወለድኩ አይደንቀኝም። የእናቴ አባት ግን የመጀመሪያው የፋጉሎ ዳቦ ሲቀርብለት ግራና ቀኝ አይቶ «በሬዬ ሳይበላ እኔ ልቅደመው?» ብሎ ነበር አሉ።

እኔ በፋብሪካው የማማው ሠራተኛ ነኝ። በፍሬው ውስጥ የቀረውን ዘይት የምናወጣው በሄክሳን ነው፤ እንደ ቤንዚን የሚተን ፈሳሽ ነው። የተነነው አየር ላይ እንዳይጠፋ በማማው ውስጥ ከላይ የማዕድን ዘይት እናዘንብበታለን። ዘይቱ ትነቱን ይይዘዋል፤ ስናሞቀው ይለቀዋል፤ ሄክሳኑም ወደ ፍሬው ይመለሳል። ሲመለስ ግን ብቻውን አይመለስም። ጥቂት የማዕድን ዘይት አብሮት ይሄዳል፤ ሄክሳኑ ከፋጉሎው ላይ ተንኖ ሲነሣ ዘይቱ እዚያው ይቀራል። በጣም ጥቂት ነው። ዓይን አያየውም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲበላው ነው የሚታየው፤ ያኔም የሚታየው ለሰሌዳው ነው።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ፍሬገነት የውብዳርን አስተኝታ ጎኗን ከዳበሰቻት በኋላ አልደበቀችንም።

«እትዬ፣ ሞልቶ መቆየት ይቻላል» አለቻት። «ንጹሕ ብቻ ከበሉ ብዙ ዓመት ይቆያሉ። ሞልቶ ከፈሰሰ ግን ጉበቱ ይቆማል። ያኔ እኛ የምናደርገው የለንም።»

ንጹሑ ዳቦ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነጭ እሽግ ነው። በየጠዋቱ ድሮን ጣሪያችን ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን። ቆርቆሮው ኳ ሲል «ምሳዬ ዘነበ» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን እሽጉን ይዛ ገበታ ቤት ትሄድና ከሰዉ መሐል ተቀምጣ ትፈታዋለች። ከዚያ ለግራዋ ታጎርሳለች፤ ለቀኟ ታጎርሳለች። የተጎረሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይቀርም፤ ከራሱ ዳቦ ቆርሶ ሊያጎርሳት እጁን ይዘረጋል። አንድ ቀን የአንዱን ሰው እጅ በአየር ላይ ያዝኩት።

«አትብላ ልትለኝ ነው ወይስ አታጉርስ?» አለኝ ሰውየው።

«ሁለቱንም።»

«የውብዳር፣ ባልሽ ሰላቢ ሆኗል» አላት።

«ተወው» አለችው። «ማማው ላይ ሲውል አየሩ ቀጥኖበት ነው።»

ከዚያ ወዲህ እቤት፣ እፊቴ እንድትበላ አደረግኩ። እሺ አለችኝ። ግን ስታኝክ በሩን ታይ ነበር፤ ሰው ቢመጣ ምን እሰጠዋለሁ ብላ።

ይህ እንግዲህ ከጾሙ በፊት ነው።

ወጣቷ ኢንጂነር ትርሲት ወደ ፋብሪካችን በመጣች በዓመቱ የማማውን የማዕድን ዘይት አስወጥታ በኑግ ዘይት ተካችው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። የኑግ ዘይት ግን ሲሞቅ ይወፍራል፣ ይመራል፤ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ማማውን ይደፍነዋል። ለዚያ ሲባል የከተማው የወጥ ዘይት ተቀነሰ። ማንም አላጉረመረመም። በፋጉሎው ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት ወረደ፤ ወረደና በግማሽ መንገድ ቆመ። ከዚያ በኋላ ምን ብናደርግ አልነቃነቅ አለ።

ሰዉን በፋብሪካው ግቢ፣ በመኪና ሚዛኑ ዙሪያ ሰበሰቡት። ኢንጂነር ትርሲት ሚዛኑ ላይ ወጥታ ተናገረች።

«አሮጌው ዘይት ቤቱን አልለቀቀም» አለች። «ቧንቧው ውስጥ አለ፤ ታንከሩ ውስጥ አለ፤ ሄክሳኑ ራሱ ውስጥ አለ። ፋብሪካውን አቁመን፣ ሄክሳኑን በሙሉ አውጥተን፣ ሁሉንም አጥበን በአዲስ ካልጀመርን አይወጣም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ አንዱ።

«ሁለት ሳምንት። ምናልባት ሦስት።»

«እስከዚያ ምን እንበላለን? አንቺን?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ጎተራው ውስጥ የነበረው ዱቄት ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ትንሽ ዳቦ ቢደርስ ነው፤ ያም ማታ። ጫጫታው በረታ። ያኔ የማርያሙ አስተዳዳሪ መምሬ ይትባረክ በትራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሲነጋ ሳይበሉ ውሎ፣ ማታ አንዲት ዳቦ ቀምሶ ማደር ምን ይባላል?»

«ረሃብ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«አይደለም ልጄ። ጾም ነው የሚባለው። ረሃብ ሲመጣ እንሸሻለን እንጂ ጾም ሲገባ መቼ ሸሽተን እናውቃለን?»

የመስጊዱ ሼህ ኑርዬም አጠገባቸው ቆመው ነበር። «እኛም እናውቀዋለን» አሉ። «ቴምሩን ብቻ ከየት እንደምናመጣ ንገሩን።»

በዚህ ሳቅ መሐል ተወሰነ። በማግስቱ በየቤቱ በር የሚሰማው አንድ ቃል ነበር፤ «ለሞሉት እንጾማለን።» ሰዎች የውብዳርን መንገድ ላይ ሲያገኟት ትከሻዋን ይስሙና «ለአንቺ ነው እኮ» ይሏታል። በቅን ልብ ነው የሚሏት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላቸዋለች።

ሲስተር ፍሬገነት ደግሞ በየሰሌዳው ድምፅ ማስጠንቀቂያ አስነገረች። የሞሉ፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት እንዳይጾሙ። ለሞሉት ምክንያቱንም ነገረቻቸው። የማዕድን ዘይቱ ጉበት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ስብ ውስጥም ተኝቷል። ሰው ሲጾም ስቡ ይቀልጣል፤ የተኛው ዘይት ይነሣና ወደ ጉበት ይሄዳል። የሞላ ሰው ጉበት ደግሞ ሌላ የሚቀበልበት ቦታ የለውም።

የውብዳር ይህን ከእኔ ጋር ቆማ ሰምታለች።

ፋብሪካው ቆመ። ከተማው ጸጥ አለ፤ ሌት ተቀን የምንሰማው የማሽን ድምፅ እንደነበረ ያወቅነው ሲቆም ነው። እኛ ታንከር ውስጥ እየገባን እንጠርግ ነበር። ከግድግዳው ላይ የሚወጣው ዝቃጭ የጠፋ ሻማ ይመስላል። ገበታ ቤቱ ማታ ብቻ ይከፈታል፤ የውብዳር ያቺን ትንሽ ዳቦ ለሰዉ ታከፋፍላለች። ከተቀበሉት አንዳንዶቹ ዳቦውን ከመጉረሳቸው በፊት ቀና ብለው ያዩዋታል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ብርቄን በራችን ላይ አገኘኋት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ወሯ ገብቷል።

«ጋሽ አስማረ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። «ለነፍሰ ጡርም ነጩ እሽግ መፈቀዱን እትዬ ባይነግሩኝ አላውቅም ነበር። በየቀኑ ደግሞ እራሳቸው ያመጡልኛል።»

ለነፍሰ ጡር የተፈቀደ እሽግ አልነበረም። ራሴን ነቅንቄላት ገባሁ። የውብዳር ከጓሮ የቀጠፈችውን ጎመን በውሃ ትቀቅላለች።

«ብርቄ አመሰገነችኝ» አልኳት።

«ለምኑ?»

«ለእሽጉ።»

ጎመኑን አማሰለች። «ያቺ ልጅ አፏ አያርፍላትም» አለች።

«ፍሬገነት ያለችውን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ስብሽ ይቀልጣል ነው ያለችኝ። እስቲ ስቡን አሳየኝና ልጠንቀቅ።» ጎኗን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘችልኝ።

«አትቀልጂ፣ ውብዬ።»

ማማሰያውን አስቀመጠች። «እሺ፣ አልቀልድም። ጓንጉልን ታውቀዋለህ። እንደ እኔው የሞላ ነው። በር ዘግቶ፣ ማኘኩ እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍቶ ይበላል። ድምፁ እዚህ ድረስ ይመጣል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ይደፋል። እንደዚያ ልሁን?»

«ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«ሰው ምንም አይለኝም አስማረ። እሱ ነው የከበደኝ። ቢሉኝ ኖሮ ተጣልቼ እበላ ነበር።»

በማግስቱ መምሬ ይትባረክን ይዤ መጣሁ። ግድግዳ እየተደገፉ ነው የደረሱት። ጾሙ ከሁሉ ይልቅ የበረታው እሳቸው ላይ ነበር፤ ማታ የሚደርሳቸውን ዳቦም ግማሹን ለሌላ ይሰጣሉ ይባል ነበር።

«ልጄ፣ የታመመ አይጾምም» አሏት። «ሥርዓቱ ነው። ፈትቼሻለሁ፤ ብዪ።»

ወንበር ሳበችላቸው። «እርስዎ ፈቱኝ አባ። ጉሮሮዬ አልፈታ አለኝ።»

«ጉሮሮሽን አዝዘዋለሁ።»

«እርስዎ ለማን ብለው ነው ግድግዳ ይዘው የሚሄዱት?»

መምሬ መስቀላቸውን አሳለሟት፤ ትንሽ ተቀመጡና ወደ እኔ ሳያዩ ወጡ።

ቢሆንም አንድ ቃል ሰጠችኝ። «ፋብሪካው ሲነሣ የመጀመሪያውን ንጹሕ ከሰዉ ጋር አንድ ገበታ ላይ እበላለሁ። በቃኝ እስክል። ያኔ ይበቃሃል?» አለችኝ። ሌላ የምይዘው ስላልነበረኝ ይህን ያዝኩ። እሽጉን ለብርቄ መስጠቷን ግን አላቆመችም። አንድ ጠዋት ድሮኑን ቀድሜ ጣሪያ ላይ ወጥቼ እሽጉን ፈትቼ በግድ ላጎርሳት ሞከርኩ። አፏን ገጥማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። እጄን መለስኩ።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ታንከሮቹን አጥበን ጨርሰን አዲስ ሄክሳን ሞላን። ለሙከራ ጥቂት ኑግ አሳለፍን። ኢንጂነር ትርሲት ናሙናውን ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ገባች፤ ከዚያ ወጥታ ማማው ሥር ወዳለሁበት መጣች። እሷም ትጾም ነበርና ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ከተፈቀደው ልክ በታች ሆኗል» አለችኝ። «መክፈት እንችላለን።»

«ንጹሕ ነው?»

«አይደለም። ጥቂት ቀርቷል። የሰዉ ሰውነት በአርባና በሃምሳ ዓመት ይሞላ የነበረው በሰባ ዓመት ይሞላል።»

«ደግመን ብናጥብስ?»

«ይወጣል። ግን ሌላ ሳምንት ነው። ሰዉ ይችላል ወይ?» የማማውን መሰላል ያዘች። «ጋሽ አስማረ፣ ስለ እትዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ። ክፈቺ ካሉኝ አሁኑኑ እከፍታለሁ። ማንም አይጠይቀኝም፤ ከልኩ በታች ነው።»

ወደ ቤት ሄድኩ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። በየጥላው ሥር ሰው ተኝቷል። የውብዳርም አልጋው ላይ ጋደም ብላለች። የዓይኗ ነጩ ቢጫ መሆን ጀምሯል። አጠገቧ ተቀምጬ ኢንጂነሯ ያለችኝን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኳት።

«የብርቄ ልጅ ስንት ዓመቱ ላይ ይሞላል ማለት ነው?» አለችኝ።

«ሰባ።»

«ደግማችሁ ካጠባችሁስ?»

«አይሞላም።»

«ታዲያ ምን ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው?»

«አንቺ ሳምንት አትቆዪም ብዬ ነው።»

ጣሪያውን አየች። «ይህ ሁሉ ሰው ተርቦ ግማሽ ንጹሕ ከበላ፣ ምን ብለን ነው ነገ ገበታ የምንቀርበው?» አለች። ከዚያ እጄን ስባ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። «ሄክሳን ሄክሳን ትላለህ» አለችኝ። ግን እጄን አልለቀቀችውም። እስክትተኛ ድረስ ተቀመጥኩ።

ተመልሼ ኢንጂነሯን «እጠቢ» አልኳት። የሥራ ልብሷን እጅጌ ጠቅልላ ከእኛው ጋር ታንከር ውስጥ ገባች።

በሦስተኛው ሳምንት አጋማሽ የውብዳር ገበታ ቤት ልሂድ አለች። ደግፌ ወሰድኳት። በሩ ላይ እንደ ልማዷ ጎኗን ለሰሌዳው አሳለመች። ሰሌዳው ምንም አላለም። አንድ ጊዜ ደግማ ተጠጋች። አሁንም ዝም። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ወደ መሬት አዩ። ሞልቶ ለፈሰሰ ሰው ምን እንደሚባል ለሰሌዳው ቃል አላበጁለትም ነበር።

«ተቀየመኝ መሰለኝ» አለች።

ያን ማታ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ወንበር አምጥተው አስቀመጧት። ዳቦውን የቆረሰችው ተቀምጣ ነው፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወስድ ድረስ አልተነሣችም።

ሲስተር ፍሬገነት እቤት መጥታ ያደረገችው ነገር ትራሷን ማስተካከል ብቻ ነው። የውብዳር ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም። አንድ ጊዜ «ኳ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጣሪያውን ማለቷ ነው። አዎ አልኳት። «አድርስላት» አለችኝ። እሽጉን አወረድኩና ለብርቄ አደረስኩ። ብርቄ በሩን ከፍታ ፊቴን ስታይ ገባት። ከእጄ አልቀበል አለች። በሯ ላይ ቆመን ሁለታችንም እሽጉን ይዘነው ቆየን። በመጨረሻ «ልጁ ይብላ ብላለች» አልኳት፤ ተቀበለችኝ። ስመለስ የውብዳር አርፋለች።

ቀበርናት። እድሩ ድንኳን ተከለ። ጾሙ ስላልተፈታ ለለቅሶ የመጣ ሰው ንፍሮ እንኳን አልቀረበለትም፤ ውሃ ብቻ። ሰዉ ውሃውን ጠጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ጓንጉል ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከሁሉ ዘግይቶ ይሄድ ነበር። ሦስት ቀን አንድ ቃል አልተናገረም።

በሠልስቷ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የፋብሪካው ድምፅ ተሰማ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉም ወደ እኔ አየና አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ ኢንጂነር ትርሲት መጣች። የሥራ ልብሷን አልለወጠችም። በነጠላ የተሸፈነ ነገር ታቅፋለች፤ እንፋሎቱ በነጠላው ያልፋል። ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ለቅሶ ቤት ምሥራች አይነገርምና ያቀፈችውን እንደተሸፈነ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ሽታው ግን ድንኳኑን ሞልቶት ነበር።

«ወረደ?» አልኳት በመጨረሻ።

«ወረደ፣ ጋሽ አስማረ።»

«ምን ያህል ቀረው?»

«ምንም። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ምንም የለበትም።»

ብርቄ ሳታስበው እጇን ወደ አፏ ወሰደች። እልልታው አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ በመዳፏ አፈነችው። ዓይኖቿ ከእጇ በላይ ወደ እኔ ያዩ ነበር።

«ተዪ፣ አታፍኚው» አልኳት። «የተጾመው ለዚህ ነው።»

እጇን አወረደች። ድምፁ መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት፤ ከድንኳኑ ውጭ ያሉትም ተቀበሉ፤ እልልታው መንገዱን ይዞ ወደ ታችኛው ሰፈር ሄደ። የት ላይ ወደ ለቅሶ እንደተለወጠ አላውቅም። ስሰማው ለቅሶ ሆኖ ነበር።

መምሬ ይትባረክ በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ጾሙን ፈቱ። ግን ማንም እጁን አልዘረጋም። ሐዘንተኛው ሳይቀምስ ሌላው አይቀምስም። ጓንጉል ዳቦውን ከኢንጂነሯ ተቀብሎ እፊቴ መጣና ተንበረከከ።

«እህል ቅመስ፣ አስማረ» አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ የተናገረው ይህን ነው።

ቆርሶ አጎረሰኝ። አኘክሁት። የኑግ ጣዕም ነበረው፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

«ብሉ» አልኳቸው።